መሥሪያ ቤቴ ቤቴ ነው

«መሥሪያ ቤት» የሚለውን ቃል ያበጁ ሰዎች ሥራን ከቤት ጋር ያጋቡ ይመስላል። ጋብቻው ግን የስም ነው። መሥሪያ ቤት ስንል ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚሄድበትን ቦታ ማለታችን ነው፤ በጠዋት ተነሥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ሰዓት ፈርሞ የሚገባበትን፣ ማታ ደግሞ «ኤጭ! ዛሬማ ሞትኩ» እያለ የሚመለስበትን። ሳይወጣ የዋለ ሰው ሳይሠራ እንደዋለ ይቆጠራል። «ምን ትሠራለች?» ብሎ ለጠየቃችሁ ሰው «ቤት ነው የምትውለው» ብላችሁ መልሱለት፤ ሌላ ጥያቄ አይጨምርም። መልሱን አግኝቷላ!

እኔ ቤት እውላለሁ። ተርጓሚ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዘመኑ አነጋገር «ፍሪላንሰር» ይሉናል፤ የማንም ተቀጣሪ ያልሆነ፣ ሥራ ሲመጣ የሚሠራ፣ ሳይመጣ ሲቀር የሚጠብቅ ማለት ነው። የምተረጉመው ልብ ወለድ እንዳይመስላችሁ። የክትባት በራሪ ጽሑፍ ነው፣ የሥራ ውል ነው፣ የጥናት መጠይቅ ነው፣ የፕሮጀክት ሪፖርት ነው። አንዳንዴም ሕመምተኛ በሕክምና ጥናት ለመሳተፍ የሚፈርምበት የስምምነት ቅጽ ይመጣል። ይሄኛው በተለይ ያስፈራኛል። አንዲት እናት «ገብቶኛል» ብላ የምትፈርመው እኔ በመረጥኩላት ቃል ላይ ነዋ።

«አንቺማ አለቃ የለሽ፤ ታድለሽ!» ይሉኛል ጓደኞቼ። እስቲ አለቆቼን ልቁጠርላችሁ፤ ሥራውን የላከው ድርጅት፣ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጄ፣ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ፣ ሳይሰናበት የሚሄደው መብራት፣ ሊጡ። ከሁሉም የባሰው አለቃ ሊጥ ነው። ኩፍ ካለ ኩፍ አለ፤ «ሁለት ገጽ ቀርቶኛል» ቢሉት አይሰማም። ውሃውም ቢሆን የሚመጣው በሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማስነጠስ ሲጀምር ከእንቅልፌ የምነቃው እኔ ነኝ። በርሜሉ እስኪሞላ ድረስ መተኛት ስለማይቻል፣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ አንድ ገጽ እሠራለሁ። የትርጉም ሥራዬ ግማሹ የተሠራው በውሃ ድምፅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ትርጉም ከብዙ ሥራ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። እንግሊዝኛ ግሱን ገና በጠዋቱ ይነግራችኋል፤ ማን ምን እንዳደረገ ከተናገረ በኋላ ነው ዝርዝሩን የሚያወርደው። አማርኛ ግሱን ለመጨረሻ ያቆያል። አራት መስመር የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ፣ መጀመሪያ ያገኘሁትን ግስ ተሸክሜ፣ ዝርዝሩን ሁሉ በቦታ በቦታው አስቀምጬ፣ መጨረሻ ላይ ነው የማሳርፈው። ሙሉ እንስራ አዝሎ ዳገት እንደመውጣት ነው። እመንገድ ላይ «እማ! የእጅ ሳሙናውን እየላሰው ነው!» የሚል ድምፅ ከመጣ እንስራው ይወድቃል። ሳሙናውን አስጥዬ፣ አፉን አጥቤ፣ ተግሣጹንም ጨምሬ ስመለስ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ከምንጩ መቅዳት ነው። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ የጠራኝ ሰው የወሰደብኝ አንድ ደቂቃ አይደለም።

ክፍያው ደግሞ በቃል ቁጥር ነው። ታዲያ የየትኛው ቋንቋ ቃል? «ስላልነገርናቸው» ብዬ በአንድ ቃል የምገላገለው ነገር በእንግሊዝኛው ስድስት ቃል ይፈጃል። በአማርኛው የሚቆጥር ደንበኛ ሲገጥመኝ የስድስቱን ሠርቼ የአንዱ ይከፈለኛል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ወደ ትርጉም መሣሪያው ካስገባ፣ በቅርቡም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተስፋፋ በኋላ፣ ደንበኛው «ማሽኑ ተርጉሞታል፤ አንቺ አየት አድርጊው ብቻ» ይላል። ዋጋውም በ«አየት» ልክ ነው። አየት ሳደርገው ማሽኑ ነፍሰ ጡሯን እናት «አንተ» እያለ ያዋራታል። እንግሊዝኛ ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም፣ ለእናንተም ያለው አንድ ቃል ነውና ማሽኑ ምን ያድርግ! እኔ ግን ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ግስ ማረም አለብኝ። ቢሆንም አልማረርም። ይህኛው ሥራ አንሶም ቢሆን ይቆጠራል። ሌላው ሥራዬ ከነጭራሹ አይቆጠርም።

አንድ ጊዜ መታወቂያ ለማሳደስ ሄድኩ። ቅጹን የሚሞላው ወጣት «ሥራ?» አለኝ።

«ተርጓሚ።»

«የት መሥሪያ ቤት?»

«ቤቴ።»

«እሱማ የመኖሪያ አድራሻሽ ነው። የሥራውን ነው የምልሽ።»

«የሥራውም እዚያው ነው።»

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ከኋላዬ ወረፋ ይጠብቃል፤ ቅጹ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ስም ይፈልጋል። ትንሽ አሰበና ሊያስደስተኝ በሚመስል ድምፅ «በቃ የቤት እመቤት ልበለው?» አለኝ። ወረፋው አየለና እንዳለው ሆነ።

እንደ ሙያዬ ቃሉን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። «እመ» በግእዝ እናት ናት። እመቤት ማለት ራሱ የቤት እናት፣ የቤት አዛዥ ማለት ነው። «የቤት እመቤት» ስንል እንግዲህ ቤትን ሁለት ጊዜ ጠራን፤ ሥራን ግን አንድም ጊዜ አልጠራንም። አሁን ደግሞ «የቤት ሠራተኛ» የሚለውን ተመልከቱ። ቤት አንድ ጊዜ፣ ሥራ አንድ ጊዜ። ምጣዱ ያው ምጣድ ነው፤ መጥረጊያው ያው መጥረጊያ ነው። ለደመወዝ ሲሆን ሥራ ይባላል፤ ያለ ደመወዝ ሲሆን ማዕረግ ይሰጠዋል።

ታግዘኝ የነበረች ልጅ ነበረች። ሁለት ዓመት አብራን ኖራ ወደ ዓረብ አገር ሄደች፤ እግዜር ይከተላት። እሷ ሳለች ወር በደረሰ ቁጥር ደመወዟን እንከፍላት፣ እሑድ እሑድ ታርፍ ነበር። ስትሄድ ደመወዙ ቆመ፣ የእሑድ ዕረፍቱም ቆመ፤ ሥራው ግን አብሯት አልሄደም። በአገር ገቢ ስሌት እንኳ ልዩነቱ የተጻፈ ነው። ለቤት ሠራተኛ የተከፈለ ደመወዝ ከአገሪቱ ምርት ይደመራል። ያንኑ ወጥ የቤቱ ሴት ለቤተሰቧ ስትሠራው አይደመርም። የእኛ ልጅ በሄደች ጊዜ የአገሪቱ ምርት በእሷ ደመወዝ ልክ ቀነሰ ማለት ነው፤ በእኛ ቤት ግን አንድም ሳህን ሳይታጠብ አላደረም።

ባለፈው ዓመት ስለዚሁ ጉዳይ የሚናገር ሪፖርት ልተረጉም መጣልኝ። እዚያ ላይ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ቁጥር ተጠቅሷል። በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ክፍያ በሌለው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ላይ ይውላል፤ ሁለት ቢሊዮን ሰው በቀን ስምንት ስምንት ሰዓት ያለ ደመወዝ ቢሠራ ማለት ነው። ከ64 አገሮች በተሰበሰበው መረጃ መሠረት የዚህን 76.2 በመቶ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ቁጥሩን መተርጎም ቀላል ነው። የከበደኝ ስሙ ነው። ምግብ ማብሰሉን፣ ልጅ ማጠቡን፣ አረጋዊ መጦሩን፣ በሽተኛ ማስታመሙን፣ ጭራሽ ማሰቡንና መጨነቁንም ጭምር አንድ ላይ የሚጠራ ቃል አማርኛ ውስጥ አጣሁ። «እንክብካቤ» አልኩት፤ የአበባ ማሰሮ የምናጠጣ አስመሰለው። እናቴ ጋ ደወልኩ። ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ስለሆነች ቃሉን አታጣውም ብዬ ነው። ዘርዝሬ ነገርኳት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «እሱ እኮ ኑሮ ነው ልጄ፤ ምን ስም ያስፈልገዋል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ችግሩም እሱ ነው። ስም የሌለውን ነገር ማን ይቆጥረዋል?

ቋንቋችንን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ምሳ ደረሰ?» እንላለን። «ሸሚዙ አልተተኮሰም እንዴ?» «ቤቱ ተጠርጓል።» «ልጆቹ ታጥበዋል።» ሰዋስው ትምህርት ላይ ድርጊቱን የሚፈጽመውን «ባለቤት» እንለው ነበር። በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ጠራጊዋም፣ ተኳሿም፣ አጣቢዋም የሉም። ምሳ እንደ ዝናብ በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ሸሚዝ በራሱ ፈቃድ ይተኮሳል። የቤት ሥራ ባለቤቱ የሚታወቀው ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ «ማን ነው?» ይባላል። በዚህ በኩል ሁለቱ ሥራዎቼ መንትያ ናቸው። ጥሩ ትርጉም አንብባችሁ «ይህን ማን ተረጎመው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሲበላሽ ግን ትጠይቃላችሁ።

ይህን ሁሉ ችዬው እኖር ነበር። ነገሩን ያከረረው የልጄ ደብተር ነው። ትምህርት ቤት «የቤተሰቤ አባላትና ሥራቸው» የሚል መልመጃ ተሰጥቷቸው ነበር። ማታ ሳርምላት ተራውን ይዤ አነበብኩ። አባቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። አጎቴ ሹፌር ነው። አክስቴ ነርስ ናት። እናቴ ቤት ናት።

«እኔስ ሥራ የለኝም?» አልኳት።

አየችኝ። ልትዋሽኝ አልፈለገችም፣ ልታስከፋኝም አልፈለገችም። «አንቺ... ኮምፒውተር ታያለሽ» አለች።

ስለ እኔ ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ እስቅና አልፈው ነበር። ያስጨነቀኝ ይህች ልጅ ነገ በዚሁ መስፈሪያ መሰፈሯ ነው። ዛሬ እናቷን የምትለካበት ቁና ነገ የራሷ ይሆናል። ቀን ቢሮ ውላ ማታ ቤት የምትሠራው ሥራ ሥራ አይመስላትም። ሲደክማት «ምን ሠርቼ ነው የደከመኝ?» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ወንድሙ ደግሞ ሳህኑን አንሥቶ ማጠቢያ ውስጥ ሲከት ለሰው ውለታ የዋለ ይመስለዋል። ሁለቱም ትምህርታቸውን የሚማሩት ከእኛ ሳሎን ነው።

ሕጉስ ምን ይላል ያላችሁ እንደሆነ፣ ሕጉ ቀድሞናል። ከፈረንሳይኛ ረቂቅ ተተርጉሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገው ነበር፤ ሠራተኛ ሊያቆምላት ካልቻለም ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ ነበረባት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ፣ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት አላቸው አለ። ሕጉ ተለወጠ። መጥረጊያው ግን የቆመበትን ጥግ አልለቀቀም።

ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፤ እንዳታሙት። ከሥራ ሲገባ ማዕድ ቤት ብቅ ብሎ «ምን ላግዝሽ?» ይላል። ብዙ ሴቶች ይህችን ቃል ሳይሰሟት ያረጃሉና ማመስገን ይገባኛል። ነገር ግን ቃሏን እዩአት። «ላግዝሽ» የሚል ሰው ሥራው የእኔ መሆኑን አስቀድሞ ፈርሟል። ያገዘ ይመሰገናል፤ ያላገዘም አይጠየቅም። ምን መታገዝ እንዳለበት አስቤ ማዘዙ ራሱ ሌላ ሥራ ሆኖ ይቀርብኛል።

የደብተሩን ነገር በነገርኩት ማታ ዝም ብሎ ቆየና የሚያውቀውን ሙያ አደረገ። ወረቀት አውጥቶ መሥመር አሠመረ። «አንድ ሳምንት የምንሠራውን ሁሉ እንመዝግብ፤ ማን፣ ምን፣ ስንት ሰዓት» አለ። ውሃ መቅዳት፣ ሊጥ ማቡካት፣ ልጅ ማድረስ፣ ልጅ መመለስ፣ የአስቤዛ ሒሳብ፣ የዕድር መዋጮ፣ የልጁን ክትባት ቀን ማስታወስ። የማስታወሱን ተራ ሲጽፍ ትንሽ አንገራገረ፤ «ይሄም ይያዛል?» አለ። «አንተ መሥሪያ ቤት የሚያስታውስ ሰው ደመወዝ የለውም?» አልኩት፤ ጻፈው። በሰባተኛው ቀን ሠንጠረዡ ሦስት ገጽ ሆኖ ነበር። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቁጥር አይቶ አይከራከርም። «ለመሆኑ የምትተረጉሚው መቼ ነው?» ብቻ አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የአቡ ሩሚን ታሪክ ያነሣሁለት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ የነበረው ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተርጉሟል፤ ሥራው ታርሞ እ.ኤ.አ. በ1840 የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መሠረት ሆኗል። ሥራውን ያሠራው የፈረንሳይ ቆንስል አስሊን ደ ሸርቪል ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ቆንስሉ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ቁጥር በቁጥር ሲያነብ ይውል ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ በደርግ እስር ቤት ሆኖ ወደ 3,000 በሚጠጋ የሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ አሳትሞታል።

ባለቤቴ ሰምቶ ሲያበቃ «እንግዲህ ምርጫሽ ምንኩስና ወይ እስር ቤት ነዋ!» አለ። ተሳሳቅን። እኔ ግን ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው። በካይሮ በሩን የዘጋው ተርጓሚው አልነበረም። ቆንስሉ ነው። ቤቱ የቆንስሉ ነበረ፤ እንግዳ የሚመልሰውም እሱ ነበረ። በራሷ ላይ በር የምትዘጋ እናት «ጨካኝ» ትባላለች። በሩን ሌላ ሰው ሲዘጋላት ግን «ሥራ ላይ ናት» ይባላል። የእነዚያን ማክሰኞዎች ምሳ ማን እንደሠራ ደግሞ ታሪክ አልጻፈልንም። ባለቤቱ የሌለበት ዓረፍተ ነገር አሁንም እዚያው ነው።

እኛም ማክሰኞና ቅዳሜን መረጥን። ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ሰባት ሰዓት፣ በሩ ይዘጋል። ዘጊው ባለቤቴ ነው። ቅዳሜ ምሳም፣ ልብስም የእሱ ነው። እርዳታ አልተባለም፤ የእሱ ነው። ሳምንት ባለፈ ቁጥር ቀለለ እንዳልላችሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በሩ ሥር ሆኖ «ጨው የት ነው ያለው?» ብሎ ጠራኝ። «ፈልግ» አልኩት። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር፤ በላነው። ትንሹ ልጅ ደጅ ተቀምጦ ሃያ ደቂቃ አለቀሰ። እኔም ከውስጥ ሆኜ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሃያ ደቂቃ አየሁት። አንጀት በሩን አልፎ ይሄዳል፤ ይህን የሚከለክል ደንብ አላገኘንም። ወር የሚያስጨርስ ገቢ የሌላት፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የምትኖር እናት የሚዘጋ በር ራሱ እንደሌላትም አውቃለሁ። እኛ በር ስላለን ነው በር የምንዘጋው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባለቤቴ ሰገነቱ ላይ ልብስ ሲያሰጣ፣ ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ አዩት። የምንወዳቸው፣ ጎረቤት የሚጠይቁ ሴት ናቸው። ደንግጠው «ምነው ልጄ፣ ባለቤትህ ታማ ነው?» አሉት።

«ኧረ ደህና ናት እትዬ» አላቸው፤ «ሥራ ላይ ናት።»

«የት ሄዳ?»

«እዚሁ ቤት።»

እትዬ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ልጄ ግን አጠገቡ ቆማ መቆንጠጫ ታቀብለው ነበር፤ እሷ ሰምታለች። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በአባቷ አፍ መስማቷ እኔ አሥር ጊዜ ከምመክራት ይበልጥባታል።

እንግዲህ እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ «እራት ቀረበ?» ከማለታችሁ በፊት፣ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ባለቤቱን ጨምሩበት። ማን አቀረበው? ሰዋስዉ ከተስተካከለ በኋላ ሌላውን መነጋገር ይቀላል።